ወላጅ ሳይስማማ ሥጋ መብላት ማቆም፦ ለአፍላ ወጣቶች የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

«ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ አልበላም» ብሎ ማወጅ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ግን ወራት ይወስዳል። እኔ በ15 ዓመቴ ይህን የተናገርኩት እናቴ ሥራ ውላ መጥታ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምድጃ ላይ ቆማ ያዘጋጀችውን እራት ገና ወደ ሳህኔ ልትጨልፍልኝ ስትል ነበር። ጭልፋዋን እንዳንጠለጠለች «ታዲያ ምን ልትበላ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የሚቀጥሉትን ሦስት ሳምንታት በዳቦና በድንች አሳለፍኩ፤ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ጀመር፤ አንድ ማታ ደረጃ ስወጣ ጭልም ሲልብኝ እናቴ አየችኝና ክርክሩ ያኔውኑ አበቃ። የረታችው እርሷ ነበረች፤ ማስረጃውን በእጇ ያስጨበጥኳት ደግሞ እኔው ነኝ። ለሁለተኛ ጊዜ የሞከርኩት ከአንድ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ይህ መመሪያ የሚከተለው የዚያን የሁለተኛውን ሙከራ አካሄድ ነው።

የእናቴ ጥያቄ የብዙ ወላጆች ጥያቄ ነው። እምቢታቸው አብዛኛውን ጊዜ ሥጋን ከመውደድ የሚመጣ ሳይሆን «ልጄ ምን በልቶ ያድጋል? ማንስ ያበስልለታል?» ከሚል ሥጋት የሚመነጭ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ባለው ቅደም ተከተል ውስጥ ለወላጅ መናገር የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም፤ አራት ነገሮች ይቀድሙታል።

1. ምን እንደምትተዉና ለምን እንደምትተዉ ወስኑ

አትክልት ተመጋቢ የሚለው ስም የተለያዩ ሰዎችን ይሸፍናል። ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ ትተው እንቁላልንና የወተት ተዋጽኦን የሚበሉ አሉ፤ እንቁላልንም ትተው የወተት ተዋጽኦን ብቻ የሚበሉ አሉ፤ ከእንስሳ የሚገኘውን ሁሉ የሚተዉ፣ ቪጋን የሚባሉ አሉ። ዓሣ የሚበላ ሰው በጥብቅ ትርጉሙ አትክልት ተመጋቢ አይባልም፤ ይሁን እንጂ ከወላጅ ጋር ለሚደረግ ስምምነት ዓሣን ለጊዜው መብላት መቀጠል መጥፎ መሸጋገሪያ አይደለም። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ወላጅ በተቃወመበት ቤት ውስጥ የምትጀምሩ ከሆነ እንቁላልንና ወተትን አትተዉ። ሙሉ በሙሉ ቪጋን መሆን በእናንተ ዕድሜ የማይቻል ባይሆንም፣ ዕቅዱ ይበልጥ ጥብቅ መሆን አለበት፤ እናንተ ደግሞ ገና ጀማሪ ናችሁ።

ቀጥሎ ምክንያታችሁን ከማንም ሳትገለብጡ በራሳችሁ ቃል አንድ ገጽ ጻፉ። ለእንስሳት ማዘን፣ ስለ አካባቢ መጨነቅ፣ እምነት፣ ጤና፣ ወይም የሥጋ ጣዕም ፈጽሞ አለመስማማት ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም በቂ ምክንያት ነው። ወላጃችሁ «ይህ የዛሬ ልጆች ፋሽን ነው» ካሉ፣ ሥጋን መተው እንደ ፋሽን ለመቆጠር ዕድሜው እንደማይፈቅድለት በትሕትና ማስረዳት ይቻላል፤ በእንግሊዝ አገር የአትክልት ተመጋቢዎች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1847 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት እንዲህ የሚመገቡ ሰዎች በጥንታዊው ግሪካዊ ፈላስፋ በፓይታጎረስ ስም ይጠሩ ነበር።

በጻፋችሁት ገጽ ላይ «መቅጠን ስለምፈልግ» የሚል ሐሳብ፣ በግልጽም ይሁን ተሸፍኖ፣ ካገኛችሁ ግን እዚህ ላይ ቁሙ። የአመጋገብ መታወክ የሚባለው ሕመም በአፍላ ዕድሜ የሚጀምርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሥጋ መተውም አንዳንዴ ምግብን ለመቀነስ ሰበብ ሆኖ ያገለግላል። ካሎሪ ስትቆጥሩ የምትውሉ፣ ከሰው ጋር መብላት የምትፈሩ፣ ወይም የወር አበባችሁ የቀረባችሁ ከሆነ፣ የሚያስፈልጋችሁ ይህ መመሪያ ሳይሆን ሐኪም ነው።

2. የወላጃችሁን እምቢታ ፈትሹ

«አይሆንም» የሚለው ቃል አንድ ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው ብዙ ነው። አንዱ ወላጅ የሚፈራው የጤና ጉዳት ነው፤ ሌላዋ ቀድሞውንም በደከመ ጉልበቷ ላይ ሁለተኛ ድስት እንዳይጨመርባት ትሰጋለች፤ ሌላው ወጪውን ያሰላል። ለመናገር የሚከብደው ደግሞ አለ፦ ለዓመታት ያጎረሰች እጅ ምግቧ ሲገፋ እርሷ ራሷ የተገፋች ይመስላታል። ልጁ በጓደኛ ወይም በስልክ ላይ ባየው ነገር ተወስዷል ብሎ የሚጠረጥርም አይጠፋም።

የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ መከራከር ለራስ ምታት የሆድ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው። እናቱ በድካም ምክንያት የተቃወመችውን ልጅ የፕሮቲን ሠንጠረዥ አያድነውም፤ ስለ ጤናው የፈራ አባትም «እኔ አበስላለሁ» በሚል ቃል አይረጋጋም። ስለዚህ ከዋናው ውይይት በፊት ጉዳዩን እንደ ተራ ጨዋታ አንሱትና አድምጡ፦ «አባዬ፣ አንድ ሰው ሥጋ ባይበላ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። መልሱን አታርሙ፤ በኋላ ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት። እኔ እናቴ የምትጨነቀው ስለ ደሜ ነው ብዬ ሳስብ ቆይቼ፣ ስጠይቃት ግን ዋናው ሐሳቧ «ዘመድ ቤት ስንሄድ ምን ይሉኛል? ያሳፍረኛል» የሚል ሆኖ አገኘሁት። ያን ቀን ባልጠይቃት ኖሮ ስለ ብረት ማዕድን አንድ ሰዓት አስተምራት ነበር።

3. ምግቡን አጥኑ

ይህ ክፍል ረዘም ያለ ነው፤ ምክንያቱም ወላጆች የሚሰጉበት ነገር እውነትም መሠረት አለው። የአሜሪካ የሥነ ምግብና የአመጋገብ ባለሙያዎች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የአቋም ሰነድ፣ በሚገባ የታቀደ ሥጋ አልባ አመጋገብ አፍላ ዕድሜን ጨምሮ ለየትኛውም የሕይወት ምዕራፍ ተስማሚ መሆኑን ገልጿል። በ2025 ያወጣው አዲስ ሰነድ ደግሞ የሚመለከተው አዋቂዎችን ብቻ ነው። የቀድሞውን ሰነድ ለወላጅ ስታሳዩ ይህንንም አብራችሁ ንገሩ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «በሚገባ የታቀደ» በሚሉት ቃላት ላይ ጣታችሁን አሳርፉ።

ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ የፕሮቲን ነው፤ የሚገርመው ግን ለመመለስም የሚቀለው እርሱ መሆኑ ነው። ዕድሜው ከ14 እስከ 18 የሆነ ወጣት በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደቱ 0.85 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ይህ በጥቅሉ ለወንዶች 52፣ ለሴቶች 46 ግራም ገደማ ተብሎ ይወሰዳል። አንድ ቀን እንቁጠር። ጠዋት ሁለት እንቁላል 12 ግራም ይሰጣል፤ አንድ ኩባያ ወተት 8 ግራም፤ ምሳ ላይ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም፤ በመክሰስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ 7 ግራም፤ ማታ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ሽምብራ 7 ግራም። ድምሩ 52 ሆነ፤ ዳቦውና ሩዙ ገና አልተቆጠረም። ጥራጥሬና እህል የግድ በአንድ ማዕድ ላይ መገናኘት አለባቸው የሚለው የቀድሞ ትምህርት ዛሬ ተትቷል፤ በቀኑ ውስጥ ሁለቱም መበላታቸው ይበቃል።

ከባዱ ፈተና ብረት ነው። በዚሁ ዕድሜ ሴቶች በቀን 15፣ ወንዶች 11 ሚሊግራም ያስፈልጋቸዋል፤ ሴቶች የሚበልጠው የሚያስፈልጋቸው በወር አበባ ምክንያት ነው። በሥጋ ውስጥ ካለው ብረት ከፊሉ ሄም የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ሰውነት በቀላሉ ይቀበለዋል፤ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ግን ብዙውን ሳይጠቅም ያልፋል። ስለዚህም የአሜሪካ የሥነ ምግብ መመዘኛ ሥጋ ለማይበሉ ሰዎች መጠኑን በ1.8 እንዲባዛ ያደርጋል፤ ለሴቶች 27፣ ለወንዶች ወደ 20 ሚሊግራም ይደርሳል ማለት ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 6.6 ሚሊግራም ገደማ ስለሚይዝ፣ በምስር ብቻ እንደማይገፋ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ሁለት ቀላል ልማዶች ግን ብዙ ይረዳሉ። አንደኛው ጥራጥሬውን ቫይታሚን ሲ ካለው ነገር ጋር መብላት ነው፤ ሎሚ መጭመቅ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ መጨመር፣ ከምግቡ ጋር ብርቱካን መብላት። ሁለተኛው ሻይና ቡናን ከምግብ ሰዓት ቢያንስ በአንድ ሰዓት ማራቅ ነው፤ በውስጣቸው ያሉት ንጥረ ነገሮች ብረቱን ይዘው እንዳይሰርጽ ያደርጉታል። የብረት እንክብል ግን ያለ ደም ምርመራ በራሳችሁ አትጀምሩ፤ ሲበዛ ይጎዳል።

ቫይታሚን ቢ12 ሌላው ነገር ነው። ከ14 ዓመት በላይ በቀን 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ያስፈልጋል፤ መጠኗ ትንሽ ናት፣ ነገር ግን አስተማማኝ ሆና የምትገኘው ከእንስሳት ምግብ፣ በቫይታሚኑ ከበለጸጉ ምግቦች ወይም ከእንክብል ብቻ ነው። አንድ እንቁላል ግማሽ ማይክሮግራም ያህል፣ አንድ ኩባያ ወተት ደግሞ ከ1 ማይክሮግራም ጥቂት ከፍ ያለ አለው፤ ስለዚህ እንቁላልና ወተት በየቀኑ የሚበላ ሰው ሊያሟላ ይችላል፤ ቪጋን የሆነ ግን እንክብል ወይም የበለጸገ ምግብ የግድ ያስፈልገዋል። ስፒሩሊና የተባለው በዱቄትና በእንክብል የሚሸጥ የውኃ አልጌና የባሕር አረም ይተካሉ የሚለውን አትመኑ፤ በውስጣቸው ያለው በአብዛኛው ሰውነት የማይጠቀምበት አምሳያ ነው። ጉበት ይህን ቫይታሚን ለዓመታት አከማችቶ ስለሚይዝ እጥረቱ ቶሎ አይታይም፤ «ስድስት ወር ሆነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው መከራከሪያ ዋጋ የሌለው በዚህ የተነሣ ነው። ወላጆች «ጉበት ደም ይሆናል» ሲሉም አትሳቁ። ሚኖትና መርፊ የተባሉ ሐኪሞች ገዳይ የነበረ የደም ማነስ ዓይነት ያለባቸውን ሰዎች ጉበት እያበሉ መርዳት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1926 አሳይተዋል፤ በ1934 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል፤ ቫይታሚኑ ራሱ ተለይቶ የወጣው ግን በ1948 ነው።

የቀሩትን በአጭሩ እንለፋቸው። ካልሲየም በቀን 1300 ሚሊግራም ያስፈልጋል፤ አንድ ኩባያ ወተት 300 ገደማ ስለሚሰጥ ሦስት ኩባያም ቢጠጣ የሚጎድል አለ፤ ጎመን፣ ሰሊጥና በካልሲየም የረጋ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) ይሞሉታል። ስፒናች ካልሲየም ቢኖረውም ኦክሳሌት የተባለው በውስጡ ያለ ንጥረ ነገር አስሮ ስለሚይዘው አትታመኑበት። ለአዮዲን አዮዲን ያለበትን ጨው መጠቀም፣ ለዚንክ ደግሞ ጥራጥሬን መዘፍዘፍ ወይም ማብቀል፣ የዱባ ፍሬም መብላት ይረዳል። ተልባ ዓሣ ለማይበላ ሰው ኦሜጋ 3 የተባለው ጠቃሚ ስብ ምንጭ ነው፤ ሳይፈጭ ከተዋጠ ግን እንደገባ ይወጣል።

4. ከመናገራችሁ በፊት ሦስት ምግብ መሥራት ቻሉ

ሦስት፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ግን ያለ ማንም እርዳታ፣ ከማጠብ እስከ ድስት ማጽዳት። አንዱ በምስር፣ አንዱ በሽምብራ ወይም በቦሎቄ፣ አንዱ በእንቁላል ይሁን። ምስር መዘፍዘፍ ስለማያስፈልገው በእርሱ ጀምሩ።

ቀይ ቦሎቄ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር በጥብቅ አስታውሱ። ጥሬው ቦሎቄ ማስታወክና ከባድ የሆድ ሕመም የሚያመጣ ሌክቲን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር አለው። ቢያንስ አምስት ሰዓት ዘፍዝፉት፤ ውኃውን ድፉት፤ በአዲስ ውኃ ጣዱትና ድስቱ እየተንፈቀፈቀ ከ10 ደቂቃ በላይ፣ ቢቻል 30 ደቂቃ ያህል ይፍላ፤ ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሳችሁ እስኪለሰልስ አብስሉት። በዝግታ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ጥሬውን መጨመር አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ መርዙን ለማጥፋት ላይበቃ ይችላል። መብሰሉን ለማወቅ አንድ ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ያዙና ጫን በሉት፤ መሐሉ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ሳይቀር እንደ ቅቤ መላም አለበት።

እነዚህን ምግቦች ስታበስሉ ምክንያቱን አትናገሩ። «ዛሬ እራቱን እኔ ልሥራ» በሉ፤ ቤተሰቡም ይብላው። ወላጅ ስለማያውቀው ምግብ ከመከራከር ትናንት በልቶ ስለወደደው ምግብ መነጋገር ይቀልለዋል።

5. ንገሯቸው

ሰዓቱን ምረጡ፦ ማዕድ ላይ አይሁን፣ እንግዳ ባለበት አይሁን፣ ወላጅ ከሥራ በገባ በመጀመሪያው ሰዓት አይሁን። የምትጠይቁትም ዘላለማዊ ፈቃድ ሳይሆን የሁለት ወር ሙከራ ይሁን፤ «ለዘላለም» የሚል ቃል የሰማ ወላጅ ለዘላለም የሚሆን መልስ ይሰጣል። በእኔ ሁለተኛ ሙከራ የተናገርኩት ይህን ያህል ነበር፦

«እማዬ፣ ባለፈው ዓመት አንቺ ትክክል ነበርሽ፤ ሳልዘጋጅ ነው የጀመርኩት። አሁን የምበላውን ጽፌዋለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ እኔ አበስላለሁ። ሁለት ወር ብቻ ልሞክር፤ ሐኪም ጋ ሄደን ደሜ ይታይ። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ አብረን እንነጋገራለን።»

እናቴ እሺ አላለችም። «አየዋለሁ» አለች፤ ይህም ከበቂ በላይ ነበር።

በውይይቱ ላይ የማይጠቅሙ ነገሮች አሉ። የእንስሳት እርድ ቪዲዮ ማሳየት አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪ ብሎ መመደቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህንን ልጆቿን በዚያው ምግብ ላሳደገች እናት ፊት መወርወር «መርዝ አበላሽን» እንደማለት ይሰማል። የተናገራችሁት ስለ ራሳችሁ ሳህን ብቻ ይሁን።

6. ከተፈቀደ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት የሚያጋጥማችሁ ነገር ሥጋው ሳይሆን መረቁ ነው፤ ሥጋ ያልገባበት ሾርባ በሥጋ መረቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ጄሊና አንዳንድ ከረሜላ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚገኘው ጄላቲን አለበት፤ አንዳንድ አይብ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ሬኔት ነው። የትኛውን እንደምትታገሡ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ እኔ ለመጀመሪያዎቹ ወራት አይቡን ታግሻለሁ። ከቤተሰቡ ጋር ከሁሉ የሚያስማማው አሠራር አንድ ምግብ በጋራ ተሠርቶ ሥጋው ለብቻው በስሎ መጨረሻ ላይ ለሚበሉት መጨመሩ ነው፤ ሁለተኛ ድስት የሚለው ቅሬታ አብሮ ይጠፋል። ዘመድ ቤት ስትሄዱ ሆዳችሁን አስይዛችሁ ሂዱ፤ ያለውን አትክልት ብሉ፤ ተጨማሪ ሲቀርብላችሁ «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» በሉ፤ ማብራሪያ ለሚጠይቅ ብቻ አብራሩ።

7. አሁንም እምቢ ካሉ

ያኔ የሚቻለውን ያህል ውሰዱ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ወይም ቁርስና ምሳ ብቻ፣ ወይም ቀይ ሥጋን ብቻ መተው ትልቅ ጅምር ነው። ሐኪም ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲያነጋግራችሁ ሐሳብ አቅርቡ፤ ከልጅ የማይሰማ ነገር ከሐኪም አፍ ሲወጣ ይሰማል። የሚያምኑትን አክስት ወይም አጎት ማማከርም ይቻላል፤ በወላጅ ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ እንዳይመስል ግን አንድ ሰው ይበቃል። ሥጋውን በድብቅ መጣል፣ «በልቻለሁ» ብሎ መዋሸት፣ ወይም ከሁሉ የከፋው ጾማችሁን ማደር፣ የተገነባውን እምነት በአንድ ቀን ያፈርሰዋል። ነገሩ ወደ ምግብ መከልከል ወይም ወደ ዱላ ካመራ ግን ጉዳዩ የአመጋገብ መሆኑ ቀርቷል፤ ለምታምኑት አዋቂ ወይም ለትምህርት ቤት አማካሪ ሳትዘገዩ ንገሩ።

8. መዝግቡ፣ ተመርመሩ

በደብተር ላይ የበላችሁትን በአጭሩ ጻፉ፤ ካሎሪ አትቁጠሩ፤ ጥራጥሬ፣ እንቁላል ወይም ወተት፣ ፍራፍሬና አትክልት መኖራቸውን ብቻ ምልክት አድርጉ። ከተቻለ በመጀመሪያው ሳምንት የደም ምርመራ ይደረግ፤ ሐኪሙ ሄሞግሎቢንን፣ የተከማቸ ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲንን እና ቢ12ን እንዲያይ ጠይቁ። የመጀመሪያው ውጤት ከሌለ በኋላ የሚገኘው እጥረት ሥጋ በመተዋችሁ የመጣ ይሁን ከዚያ በፊት የነበረ መለየት አይቻልም፤ ጥፋቱም በእናንተ ላይ ይደፋል። ድካም፣ መገርጣት፣ የፀጉር መነቃቀል ወይም የክብደት መቀነስ ከታየ የቀጠሮውን ቀን ሳትጠብቁ ሂዱ። ወደ ሐኪሙ ስትሄዱ ደብተሩን ያዙ፤ ወላጃችሁም አብረው ይግቡ፤ እናቴ ያን ቀን ከእኔ ይልቅ ብዙ ጥያቄ የጠየቀች እርሷ ነበረች፣ ስትወጣም ደብተሩን ከእጄ ወስዳ በቦርሳዋ ከተተችው።